አርብ አርብ የሚጠፋው ሰንሰለት

ዮኔል ነው! ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? እሁድ ጠዋት የንድፍ ክፍሉን ከፍቼ የኮምፒዩተሩን ጨለማ መስታወት ሳይ አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው የእሱ ስም ነው። አርብ ቀን እየሠራ ትቼው የሄድኩት ማሽን ጠፍቷል። ሰንሰለቴ ገደል ገብቷል። እዚያው ቆሜ በጎንደርኛም በዕብራይስጥም ረገምኩት።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ዝም ብላ የምትጮህ እብድ እንዳትሉኝ። ስሜ ፋንትነሽ ነው። ጎንደር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ንድፍ ተምሬያለሁ። በሱዳን በኩል መጥቼ አሁን ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኤን ጋኒም ሰፈር፣ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የምሠራበት ሚፍዓል፣ ማለት ፋብሪካ፣ ለብርቱካን ማሸጊያ ቤቶች ማጓጓዣ ይሠራል። ብርቱካኑ ታጥቦ፣ ትልቁ ከትንሹ ተለይቶ ሳጥን ውስጥ እስኪገባ የሚሄደው በእኛ ማጓጓዣ ላይ ነው። ማጓጓዣውን የሚጎትተው ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱን ደግሞ ባለ ጥርስ መዘውር ይጎትተዋል። እማዬም እዚያው ታጸዳለች። ያስገባኋት እኔ ነኝ። በየቀኑ ደረጃውንና ኮሪደሩን ትወለውላለች፤ አርብ ሰው ሁሉ ሲወጣ ደግሞ የንድፍ ክፍሉን።

እስከዚያ ዓመት፣ በፈረንጅ እስከ ሰማንያ አምስት ማለቴ ነው፣ ንድፉ ሁሉ በእርሳስና በወረቀት ነበር የሚሠራው። ሠሪውም ዮኔል የሚባል ከሮማኒያ የመጣ ሽማግሌ ነበር። አለቃችን ምናሼ ትልቁን ኮምፒዩተር አስገዝቶ ሲያስገባ ዮኔል መነጽሩን ጠርጎ ጠርጎ፣ «እኔ እርሳስ አለኝ» አለና ጀርባውን ሰጠው። እኔ ገና በሙከራ ላይ ነበርኩ። «እኔ እማራለሁ» አልኩ፤ ምን ምርጫ አለኝ?

ምናሼም ነገሩን ሳይሸፍን ነገረኝ። «ሰንሰለቱን ከነመዘውሩ መስታወቱ ላይ ሠርተሽ ለደንበኛው ካሳየሽልኝ ቅቪዑት ትፈርሚያለሽ። ካልሆነልሽ አዝናለሁ።» ቅቪዑት ማለት ቋሚ ቅጥር ነው፤ ነገ ያባርሩኝ ይሆን ሳይሉ ማደር። የእማዬ ወገብ ከባልዲ ጋር መታገል ከጀመረ ወዲህ ሌሊት ስትገላበጥ እሰማታለሁ። ቅቪዑቷን ባገኘሁ ማግስት ከመወልወያው አስቀምጣታለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ሰንሰለት መሥራት ቀላል ይመስላል። አንዷን ቀለበት ስሎ ማሽኑን «ድገማት» ማለት ነው። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ እውነትም ይደግማታል፤ ደስ ይላል። ጣጣው መዘውሩ ጋ ሲደርስ ነው። መጀመሪያ ሰንሰለቱን እንደ ገመድ ክብ አድርጌ አዞርኩት። ዞሮ ዞሮ ሲመጣ መጨረሻው ከመጀመሪያው አልገጥም አለ፤ የመጨረሻዋ ቀለበት ግማሽ አካሏ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለካስ ሰንሰለት ክብ አይዞርም! ቀለበቱ ብረት ነው፣ አይጎብጥም። ከአንዱ ማያያዣ ፒን እስከ ቀጣዩ ቀጥ ብሎ ይሄድና ፒኑ ላይ ብቻ ይታጠፋል። አፈረስኩት። እንደገና ጥርሶቹን በየመቀመጫቸው፣ ፒኖቹን በየጥርሱ መሃል አስቀመጥኩ። በሁለቱ ጫፍ ያሉትን መዘውሮች ርቀት ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ሳብ እያደረግሁ ቀለበቱ ሙሉ ሆኖ እንዲዘጋ አደረግሁት። ሲዘጋ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ዮኔል ቀና ብሎ አየኝና እርሳሱን መቅረጽ ቀጠለ።

ግን ገና ነው። መስታወቱ ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር ብቻ ነው፤ የፊቱም የኋላውም አንድ ላይ ይታያል፣ የተወሳሰበ ፈትል። ደንበኛ ይህን አይቶ ምን ሊገባው? ስለዚህ ማሽኑን «ከኋላ ያለውን ደብቅ» ይሉታል። እሱም እያንዳንዷን መስመር እየመረመረ ይደብቃል፤ ቀስ እያለ፣ እያሰበ። ያን ያህል ቀለበት ላለው ሰንሰለት አንድ ቀንና አንድ ሌሊትም አይበቃውም። መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ የሠራው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ከሀ ይጀምራል። በሥራ ቀን ማሽኑን ምናሼ ለሌላ ሥራ ይፈልገዋል። የቀረው ፋብሪካው የሚዘጋበት፣ ከአርብ እስከ እሁድ ጠዋት ያለው ጊዜ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዋ አርብ አስነስቼው ሄድኩ። እሁድ ስመጣ ጠፍቷል። መብራት ሄዶ ይሆናል አልኩ። ምናሼ ግን በጎን አየኝ። «እርግጠኛ ነሽ አስነስተሽዋል?» አለ። ምን ማለቱ ነው? ከጫካ የመጣች፣ ቁልፍ መጫን የማታውቅ ማለቱ ነው፤ ገብቶኛል። ፊቴ ጋለ።

ሁለተኛዋ አርብ በደንብ አስነሳሁት፤ ሁለቴ አረጋገጥኩ። እሁድ መጣሁ፣ ጠፍቷል! በዚህኛው ጊዜ ጎንበስ ብዬ ቁልፉን አየሁት። መብራት ቢሄድ ኖሮ ቁልፉ እንደተነሳ ይቆይ ነበር። ቁልፉ ግን ወደ ታች ተጭኗል። የሰው ጣት ነው። አርብ መጨረሻ የሚወጣው ማነው? ዮኔል። ማሽኑን የሚጠላው ማነው? ዮኔል። እኔ ከወደቅሁ ጠረጴዛው የማይነካበት ማነው? በቃ፣ ምስክር አላስፈለገኝም።

ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። «ዮኔል፣ ማሽኔን የምታጠፋው አንተ ነህ?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ልጄ፣ ቡካሬስት ውስጥ እኔን መጠርጠር ሥራቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ» አለኝ። «ደመወዝ ይበሉበት ነበር። አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ።»

ይሄ መልስ ነው? አዎ ወይም አይ አይባልም? የበለጠ ተናደድኩ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷን ነገሩን መከታተል ጀመርኩ። ከሳቀ በእኔ ነው የሳቀው። ዝም ካለ እያሴረ ነው። ስልክ አንስቶ በሮማኒያኛ ካወራ ስለ እኔ ነው። ዳቦውን ሲቆርስ እንኳ አቆራረሱ አስጠላኝ። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍም አጥቼ ነበር።

ለእማዬ አልነገርኳትም። የደም ግፊት አለባት፤ ይሄን ብትሰማ ምን ትሆናለች ብዬ ፈራሁ። እሷም ፊቴ ሲኮሳተር ስታይ ምንም አትጠይቅም ነበር። ማሽኑንም በሩቁ ነው የምታውቀው፤ ዙሪያውን ትጠርጋለች እንጂ ጠረጴዛው ላይ አቧራ እንኳ አትነካም።

ደንበኛው የሚመጣበት እሁድ ቀረበ። የቀረችኝ አንድ አርብ ናት። ካመለጠችኝ አበቃ። እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ አልኩ። ያን አርብ ማሽኑን አስነስቼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ «ሸባት ሻሎም»፣ መልካም ሰንበት፣ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በጀርባው በር ዞሬ አሮጌ ንድፎች የሚቀመጡበት ጠባብ ክፍል ገባሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። አቧራው አፍንጫዬን ይቆረቁረኛል፣ ላስነጥስ ነው፣ አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ይዣለሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይላል? ይበል።

ዮኔል እርሳሶቹን ሰብስቦ ተነሳ። ኮቱን ለበሰ። በቀጥታ ወደ ማሽኔ መጣ! ጎንበስ አለ፣ መስታወቱን አየ። እጁን አነሳ። አሁን ልጮህበት ነው ስል በጣቱ ሳይነካው መዘውሩን በአየር ላይ ተከተለው፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እያለፈ፣ ቀለበቱ ፒኑ ላይ እስከሚታጠፍበት ድረስ። ከዚያ በቋንቋው አንድ ነገር ብሎ ራሱን ነቀነቀና ወጣ። በሩን ዘጋ። ቁልፉን አልነካም።

እኔ ተናደድኩ! አዎ፣ እሱ ባለመሆኑ ተናደድኩ። ታዲያ ማነው?

ብዙም አልቆየ። ባልዲ ሲንኳኳ ሰማሁ። እማዬ ገባች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ወለሉን ጠረገች፣ ወለወለች፣ የዮኔልን ፍርፋሪ አነሳች። ሁሉንም ከጨረሰች በኋላ እጇን ታጥባ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። በመስኮቱ ወደ ፀሐይዋ አየች። ከዚያ ልክ ሥራዬ ነው ብላ ወደ ማሽኑ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ቁልፉን ተጫነች። መስታወቱ ጨለመ።

«እማዬ!»

ደንግጣ ደረቷን ያዘች። «ውይ! አንቺ ልጅ! ምን ሆነሽ ነው እዚያ ውስጥ?»

«አንቺ ምን ሆነሽ ነው? ምን አድርጊ ብለውሽ አጠፋሽው?»

«ረስተሽው ሄደሽ ነዋ!» አለች፤ ይባስ ብላ እሷ ተቆጣች። «ሁልጊዜ አርብ ትረሺዋለሽ። ሰንበት ሊገባ ነው፤ እሱ እየነደደ ሊያድር ነው? ሰው አይቶ ሳይታዘብሽ አጠፋልሽ ነበር።»

ይህን ለማያውቅ ልናገር። እዚህ አገር ሰንበት ሲገባ ሻማ ይለኩሳሉ። በእኛ በጎንደር አይሁዶች በኩል ተቃራኒው ነው፤ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ሁሉ ይጠፋል፣ ፍሙ ላይ ሳይቀር ውሃ ይፈስበታል። ቅዳሜ የሚበላው ቀዝቃዛ ነው። እማዬ ጎረቤታችን ኤስቴር አርብ ማታ ሻማ ስታበራ መጀመሪያ ያየች ቀን፣ «በሰንበት ደጃፍ ላይ እሳት?» ብላ አፏን ይዛ ቀርታለች። ቤታችን አርብ ማታ ጨለማ ነው። ፍሪጁ እንኳ ስንት ተጨቃጭቀን ነው የተረፈው። ያ ሁሉ እያለ የማሽኑ ነገር እንዴት ትዝ አላለኝም? ዮኔል ላይ ዓይኔን ተክዬ ነዋ!

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?» አልኳት።

«መቼ ልንገርሽ? አርብ ማታ ሰንበት ነው፤ ስለ ሥራ አይወራም። ቅዳሜም ሰንበት ነው። እሁድ ደግሞ ግንባርሽን ቋጥረሽ ትገቢያለሽ፤ ማን ደፍሮ ያናግርሻል?»

ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ያልረሳሁት መሆኑን፣ አስቤበት ትቼው እንደምሄድ፣ ሰንሰለቱ ካላለቀ እሁድ እንደሚያባርሩኝ። ስለ ወገቧም ነገርኳት፤ ያን አልነግራትም ብዬ ነበር።

እማዬ ወደ ማሽኑ ዞረች። «አውቀሽ ነው እንዲነድ የምትተዪው?» አለች።

«አውቄ ነው።»

ባልዲዋን አነሳች። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። ወጥታ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

አስነሳሁት። ፀሐይዋ ገና ነበረች፤ እንደገና ከመጀመሪያው አስነሳሁት። ሰንበት ሊገባ ስለሆነ ባሱ ቆሟል፣ እስከ ኤን ጋኒም በእግር ሄድን። መንገዱን ሁሉ ስለ ዘመዳችን ስለ አምሳለች ልጅ ሠርግ አወራችኝ፤ ስለ ማሽኑ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ቅዳሜ ውላ ውላ አንዴ ብቻ በመስኮቱ ወደ ፋብሪካው በኩል አየች። ያ አስተያየቷ ከስድብ ባሰብኝ።

እሁድ ጠዋት ሰንሰለቱ አልቆ ጠበቀኝ። ኧረ እንዴት ያለ ነገር! መስመር በመስመር ላይ አልወጣም። ጥርሱ ፒኑን ነክሶ ይዞታል፣ ቀለበቱ ከቀለበት ኋላ ገብቷል፣ የሚታየው ታየ፣ የሚደበቀው ተደበቀ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ዮኔል መጥቶ ከኋላዬ ቆመና፣ «መታጠፊያውን አውቀሽዋል» አለኝ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ሻይ ግን ቀዳሁለት።

እኩለ ቀን ላይ ደንበኛው መጣ። ከአንድ ማሸጊያ ቤት ነው፤ የተጠለፈች ቆብ አናቱ ላይ ያደረገ፣ ሃይማኖተኛ ሰው። መስታወቱን እያየ፣ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» ይል ጀመር። ምናሼ ደስታውን አልቻለውም። «ሸባትን ሙሉ ሲሠራ ነው የከረመው! እኛ ተኝተን ማሽኗ ይሠራላታል!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሰውዬው ፈገግታውን ሰበሰበ። «መቼ ነው የተነሳው?»

«አርብ፣ ፀሐይ ሳትገባ» አልኩ።

«እንግዲያው ችግር የለም። ከሸባት በፊት ተጀምሮ በራሱ ከሠራ ሕጉ ይፈቅዳል።» ፊቱ እንደገና በራ። እኔም ትንሽ ቀለለኝ፤ ለእማዬ የምነግራት አገኘሁ ብዬ። ከዚያ ግን ዓይኑ ከመስታወቱ ተነስቶ እኔ ላይ አረፈ። ቀጥሎ በሩ ላይ መወልወያ ይዛ የቆመችውን እማዬን አየ፣ እንደገና እኔን። «እናንተ ከኢትዮጵያውያኑ ናችሁ አይደል?» አለ። «ጥቪላውን አድርጋችኋል?»

ጥቪላ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ነው። በዚያ ሰሞን የራባኑቱ፣ የረቢዎቹ ጉባኤ፣ ሰዎች አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ ውሃ ግቡና እናምናችኋለን ብለውን፣ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሲቃወሙ ከርመው ነበር። ቅዳሜ ማሽኑ ሲሠራ መዋሉን የፈቀደ ሰው፣ ፍሪጅ ይጥፋ የምትለዋን እናቴን ውሃ ገብታለች ወይ ይላል! ደሜ ፈላ።

«ስለ ሰንሰለቱ ጠይቀኝ» አልኩት። «የሠራሁት ሰንሰለት ነው።»

ምናሼ ሳል ሳል አለ። ሰውዬው፣ «ለክፉ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው» ብሎ ወረቀቱን ፈረመና ወጣ፤ ምናሼ እስከ መኪናው ሸኘው።

እማዬ ተጠጋችኝ። ዕብራይስጥ አይገባትም። «ምን አለ ሰውዬው?»

«ሥራሽ ጥሩ ነው አለኝ።»

«ጥሩ ነው የሚል ሰው እንዲያ አያይም» አለች። «ያን አስተያየት አውቀዋለሁ ልጄ። ጎንደር ሸክላ ስሸጥ እንዲያ ነበር የሚያዩኝ። ድስቱን ይገዙኛል፣ ወጥ ሠርተው ይበሉበታል። እጄን ግን ይፈሩታል።»

መወልወያዋን ከእጇ ወስጄ ኮሪደሩን እኔ ጨረስኩት።

ምናሼ ተመልሶ፣ «የቅቪዑት ወረቀትሽ እየተዘጋጀ ነው፣ በሚመጣው እሁድ ትፈርሚያለሽ» አለኝ። «ደንበኛው ግን ሰንሰለቱን ከጀርባው በኩልም ማየት ፈልጓል። አርብ እናስነሳዋለን፤ በሰደር?» እሺ አላልኩም። አይሆንምም አላልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሠራሁ፣ ገለበጥኩት፣ አዘጋጀሁት። ቢቻል በሥራ ቀን እናስነሳው ብዬ ጠየቅሁት፤ «ለማሽኑ ሥራ አለኝ» አለ። አርብ ቀን ምናሼ ራሱ አስነሳውና፣ «ሸባት ሻሎም» ብሎ ወጣ።

ዮኔልም ወጣ። እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። እማዬ ባልዲዋን ይዛ ስትገባ መስታወቱ ጨልሞ አገኘችው። ቁልፉን አየች፣ እኔን አየች።

«ቅቪዑትሽስ?» አለች። ቃሉን መቼ እንደለመደችው እንጃ።

«ያላ እማዬ፣ እንሂድ፣ ይመሻል» አልኳት።

እሁድ ጠዋት ምናሼ የንድፍ ክፍሉ መሃል ቆሞ ይጮሃል። «ማን ነው ያጠፋው?» ወረቀቴ እጁ ላይ ነው፤ አይቼዋለሁ። ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው በሩ ላይ ወደቆመችው እማዬ ነው። እሷም ገብቷታል፤ ባልዲዋን አስቀመጠች፣ ከዕብራይስጥ ከምታውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዷን፣ «አኒ»ን፣ እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች።

ቀደምኳት። «እኔ ነኝ» አልኩት። እጄንም አነሳሁለት፣ በደንብ እንዲያየው።